አዞው ለጉማሬዋ የሰጣት ምክር

ልጅ ሳለሁ ጋምቤላ ውስጥ ጭስ የሚወደደው ትንኝ ስለሚያባርር ነበር። ማታ ማታ ጎረቤታችን እማማ አሪየት ደረቅ ኩበት ለኩሰው ደጃፋቸው ላይ ሲቀመጡ፣ እኛ ልጆች ዓይናችን እያነባ ተረት ለመስማት እንከባቸዋለን። አኙዋክ ነበሩ፤ አማርኛቸው ቢሰበርም ምላሳቸው ስለታም ነበር።

ያኔ ገና ዳዴ የሚለው ታናሽ ወንድሜ ተቅማጥ ይዞት ዓይኑ ጎድጉዶ ነበር። ከደጋ የመጣችው እናቴ በቀትር ከገበያ ተመልሳ ስላጠባችው፣ «የጎዳው ፀሐይ የመታው ጡቴ ነው» ብላ ከለከለችው፤ ወተቷንም መሬት ላይ ታልበው ጀመር። እሱ ያለቅሳል፣ እሷም ታለቅሳለች።

አንድ ምሽት ታቅፋው እሳቱ ዳር መጣች። እማማ አሪየት ልጁን አይተው ወደ እኛ ዞሩ።

«ጉማሬ ልጁ ታመመ። አዞ መጣ፣ ‹ጡት ከልክለው፣ ይድናል› አለ። ለምን አለ? ደካማ ልጅ ለመዋጥ ቀላል ነው! ጉማሬ እንቢ አለ። አጠባ፣ አጠባ፣ አጠባ። ልጁ ዳነ፣ አዞ ጾሙን አደረ።»

እኛ ሳቅን። እናቴ ግን፣ «እማማ፣ ጉማሬዋ ውሃ ውስጥ ናት፤ እኔን ግን ፀሐይ መትቶኛል» አለች።

«አንቺ ሴትዮ! ፀሐይ ወተት ካበላሸ ጋምቤላ ማን ያድጋል? እኔን እይ!» ብለው ያንን ዘለግ ያለ ቁመታቸውን ይዘው ብድግ አሉ።

እናቴ ሳቋ አመለጣት፤ ሳቋን ሳትጨርስ ወንድሜ ነጠላዋ ስር ገብቶ ነበር። ሲነጋ ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ እዚያም እየደጋገመች ጡት ሰጠችው። ተቅማጡ ሲተወው እማማ አሪየት በአሳ መረቅ የለሰለሰ የበቆሎ ገንፎ ይዘው ይመላለሱ ጀመር። «ባሮ ሞልቶ ሲሸሽ ዳሩ ላይ በቆሎ እንዘራለን። በሽታ ሲሸሽም እንደዚያ ነው፤ ቶሎ ዝሪበት» ይሏት ነበር። እናቴም ከጡቱ በላይ ገንፎ ጨመረችለት፣ ልጁም በቀለ።

ከጋምቤላ ከወጣሁ ብዙ ዘመን ሆነኝ። ብዙ አነበብኩ፤ አብዛኛው ያነበብኩበትን መብራት ዋጋ እንኳ አያወጣም፤ ሰውንም ማመን ከተውኩ ቆየሁ። በቀደም ግን ያ ወንድሜ፣ ዛሬ ከራሱ ቀድሞ ቦርጩ በበር የሚገባው፣ እዚያው ጋምቤላ ካለችው ከኢታንግ ደወለ። የልጅ ልጁን ትኩሳት ይዟት ከጤና ጣቢያ መመለሳቸው ነው፤ እናቷ ወተቴ ይጎዳታል ብላ ለማጥባት ፈርታለች።

«እትዬ፣ ያ አዞ ምን ነበር ያለው?»

ስልኩን ለእናትየዋ አስጠጋላት፤ እኔም በዚያው በእማማ አሪየት የተሰበረ አማርኛ ተረትኩላት። ሳቀች። ወዲያው ሕፃኗ ጡቱን ስትምግ በስልኩ ሰማሁ። አዞው ያን ዕለትም ጾሙን አደረ።