ዘይት የጠጣች ጥይት

ወንድሜ ሲሞት ሰፈሩ ያለቀሰው ሦስት ቀን ነው፤ ያማው ግን ዓመት ሙሉ ነው። ነፋስ ስልክ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የሚገኝ የእህል መጋዘን ዘበኛ ነበር። አንድ ሌሊት ሌቦች የጓሮውን አጥር ጥሰው ገቡና በፌሮ መትተው ገደሉት። ሲነጋ ሽጉጡን እንደጨበጠ ተገኘ። ያነሱት ሰዎች አፈሙዙን አሸተቱ፤ የባሩድ ሽታ የለውም። የተቀባበለችውን ጥይት አውጥተው ወደ ካዝናው መለሷት፣ በቃ፣ ነገሩ እዚያ ላይ ተዘጋ። «ሽጉጡን ታቅፎ ሞተ» ተባለ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው፣ ንፍሯችንን እየቆረጠሙ ይሉት ነበር።

አባባ ልብስ ሰፊ ነው። ከመንዝ ሲመጣ ጠመንጃውን ሸጦ የስፌት መኪና ገዛ፤ ልቡ ግን ጠመንጃው ጋ ነው የቀረው። ከዚያ ሐሜት በኋላ ከበረንዳው አልወጣ አለ። በየወሩ በማርያም ዕለት ሐና ማርያም አካባቢ ከአገሩ ልጆች ጋር የሚጠጣውን ማኅበር እርግፍ አድርጎ ተወ። እናታችን ቀደም ብላ ስላረፈች ቤቱ ውስጥ የቀረነው እሱና እኔ ነን። ሌላ ወሬ የለውም። «ምነው ተኩሶ በሞተ» ይላል፣ ትንሽ ይሰፋል፣ ደግሞ ይላል። ደሜ ይፈላል። ተኩሶም ቢሆን ሞቷል እኮ አባባ፣ ልለው እነሳና ፊቱን ሳይ እተወዋለሁ።

በወንድሜ ቦታ የተቀጠርኩት እኔ ነኝ። ዘበኛ ሲሞትባቸው ቦታውን ለቤተሰቡ ይሰጣሉ፤ ትልቅ ውለታ የዋሉ ይመስላቸዋል። ሽጉጡ አንድ ነው፣ ተረኛ ለተረኛ ይረካከበዋል። ጥይት ግን ለየራስ ነው። ሽጉጥና ጥይት አንድ ቤት እንዳያድሩ ተብሎ፣ እያንዳንዱ ዘበኛ የራሱን ጥይት በኪሱ ይዞ ይገባል፣ በኪሱ ይዞ ይወጣል። የወንድሜ ጥይቶችም ለእኔ ደረሱኝ።

እሱ በሕይወት ሳለ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባባ ጥይቶቹን ጨርቅ ላይ ይደረድርና በስፌት መኪናው ዘይት አንድ በአንድ ያሻቸው ነበር። አገር ቤት መሣሪያ የሚያዘው በቅባት ነው፤ ዝገት እንዳይበላው፣ ደግሞም እንዲያበራ። ወንድሜ «አባባ፣ ሙሽራ አስመሰልካቸው እኮ» እያለ ይቀልድበታል። እሱ ሲሞት ይህም ቀረ።

ሥራ አስኪያጁ ዘበኞቹ መተኮስ አይችሉም ብሎ ደመደመና ሽጉጡም፣ ጥይቱም፣ እኛም አብረን እንድንፈተሽ አዘዘ። ከለቡ በታች ድንጋይ ተፈልጦበት የተተወ ጎድጓዳ ቦታ ወሰዱን። ለቡ ያኔ ገና የጤፍ ማሳ ነበር። ገደሉ ሥር የባሕር ዛፍ እንጨት ተተክሎ የካርቶን ኢላማ ተቸንክሮበታል። ከብቶቿን ውሃ ልታጠጣ የመጣች ሴት መንገድ ስለዘጋንባት ከዳገቱ ላይ ሆና በኦሮምኛ ትራገማለች። የሚያስተኩሱን ጡረታ የወጡ መቶ አለቃ ነበሩ።

ተራዬ ደረሰ። አቀባበልኩ፣ አለምኩ፣ ምላጩን ሳብኩ። ቀጭ አለ፣ ሌላ ምንም የለም።

ከኋላዬ አንዱ ዘበኛ «የዘር ነው መሰለኝ» ብሎ ሳቀ።

«ዝም በል አንተ!» አሉት መቶ አለቃው። ወደ እኔ ዞረው «አፈሙዙን ከኢላማው እንዳታነሳ፣ ቆይ» አሉኝ።

ዘግይታ እንዳትፈነዳ ጥቂት አስጠበቁኝና ሽጉጡን ተቀብለው ጥይቶቹን በሙሉ ጆንያ ላይ አራገፏቸው። የከሸፈችውን ገለበጧት። ቂጧ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ጎድጉዳለች፤ መምቻው አግኝቷታል። ከቀሩት መካከል ሌላ አነሱ። እሷም ጎድጉዳለች።

«ይቺንስ መቼ ተኮስካት?»

«አልተኮስኳትም፣ መቶ አለቃ። ዛሬ የሳብኩት አንዴ ነው።»

«ከአንተ በፊት የማን ነበሩ?»

«የወንድሜ።»

ታሪኩን ያውቁታል፤ ማን የማያውቅ አለ። ጥይቷን መዳፋቸው ላይ እያገላበጡ ቆዩ። «ስቧል ማለት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሽጉጡም መትቷል። እምቢ ያለችው ጥይቷ ናት። ወንድምህ አልፈራም።»

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ አለቀስኩ። የሳቀብኝ ዘበኛ ጫማውን ያያል።

መቶ አለቃው ጥይቷን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ፊታቸውን አጨማደዱ። «ዘይት! ማነው ጥይት ዘይት ያጠጣው? የሚቀባው ሽጉጥ ነው እንጂ! ቀስ በቀስ ይሰርግና እሳት የምትጭረዋን ነገር ይገድላታል። ጥይት በደረቅ ጨርቅ ነው የሚወለወለው፣ በቃ።»

ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልተናገርኩም። ጥይቷን ስጡኝ ብዬ ለመንኳቸውና ይዣት ወደ ቤት በእግሬ ተመለስኩ።

አባባ በረንዳው ላይ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋ ነበር። ጥይቷን እጁ ላይ አስቀምጬ ነገርኩት። መኪናውን አቆመ።

«ሳበ?»

«ስቧል፣ አባባ።»

«ማርያምን በለኝ።»

«ማርያምን። መቶ አለቃው ሰው ሁሉ ፊት ነው የተናገሩት።»

ቀብሩ ላይ እንኳ እንደዚያ አላለቀሰም። ዕንባውን በዩኒፎርሙ እጅጌ ጠረገና ቀና አለ። የሚጠይቀኝን መንገዱን ሙሉ ሳስበው ነው የመጣሁት።

«ታዲያ ለምን ከሸፈች?»

ጣቶቹን አየሁ። ጥፍሮቹ ሥር የመኪናው ዘይት አለ፤ ታጥቦም አይለቅም።

«አርጅታ ነው» አልኩት።

በማርያም ዕለት ነጭ ለብሶ ወጣ። ጥይቷን ለማኅበርተኛው ሁሉ እያዞረ «ልጄ ስቧል፣ ይኸው እዩ» ሲል ዋለ። አመሻሹ ላይ ሞቅ ብሎት፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ተመለሰ። በዚያ ዓመት ደስ ያለኝ ቀን ቢኖር እሱ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ «ጥይቶችህን አምጣ» አለኝ። ድርጅቱ በአሮጌዎቹ ፋንታ አዲስ ሰጥቶኝ ነበር። ምን ብዬ ልከልክለው? አውጥቼ ሰጠሁት። ከጨርቅ ቁራጮቹ ንጹሑን መርጦ ደረደራቸውና የዘይቱን ጣሳ አዘነበለ።

«ለወንድምህ ያረጀ ሰጥተው አስበሉት» አለ እያሻቸው። «ያንተዎቹን ግን እኔ አለሁላቸው። ከእንግዲህ በሳምንት ሁለቴ ነው የምቀባቸው።»

ተቀብዬው ወጣሁ። መንገድ ላይ በሸሚዜ ብጠርጋቸውም ሽታው አልለቀቀም። አባባ እስኪሞት ድረስ ያንን መጋዘን የጠበቅሁት፣ አይተኩስም ብዬ በማምነው ሽጉጥ ነው።