የሽንፍላ አጣቢዋ መዝገብ

ዱለት መብላት ካቆምኩ ዓመት አልፎኛል። ሐኪም ከልክሎኝ አይደለም፤ አስጠልቶኝ ነው። ከሚሴ ውስጥ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ሚኒባሶች ለቁርስ የሚቆሙበት አንድ ምግብ ቤት አለ። ፍርድ ቤት ከመግባቴ በፊት እዚያ ቁጭ ብዬ ጣቴን እየላስኩ እበላ ነበር። የምበላውን ጨጓራ ማን እንዳጠበው ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ጠበቃ ነኝ፤ ሰው መጠየቅ እንጀራዬ ነው። ይህን አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ያን ሰሞን ለከተማው ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተባለና ጽዳት ተጀመረ። አጥር ተቀባ፣ ቦይ ተጠረገ፣ ከዚያ በየበረንዳው የሚያድሩ ሰዎች ተለቅመው ጣቢያ ገቡ። «ተለቅመው» ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ የከተማው አስተዳደር ለፖሊስ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ያለው እንደዚያ ነው። ሰው ከላስቲክና ከጫት ገረባ ጋር በአንድ መስመር ተጽፎ ሳነብ አስጠላኝ። ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም መትቶ ምሳውን ሊበላ የሄደ ሰው መኖሩን ሳስብ ደግሞ ባሰብኝ።

ከታሰሩት መካከል በነፃ እንድቆምላት የተመደበችልኝ አንዲት አርባ ዓመት ግድም የሆናት ሴት ነበረች። ክሱ አጭር ነው። የመሥራት አቅም እያላት መተዳደሪያ ሥራ ሳይኖራት መንገድ ላይ ትኖራለች፤ ስለዚህ አደገኛ ቦዘኔ ናት። ሥራ እንዳላት ካላስረዳሁ እስር ቤት መግባቷ ነው። ማስረጃ ተብሎ የተያያዘው የነጋዴዎች ፊርማ ነበር። «ይህች ሴት ምንም ሥራ እንደሌላት እናረጋግጣለን» ይላል።

ጣቢያ ሄጄ አገኘኋት። መጀመሪያ ያየሁት እጇን ነው፤ ውኃ ውስጥ ከርሞ ነጥቷል፣ የጣቶቿ ጫፍ ተልጧል።

«አካም ቡልተ? እንዴት አደርሽ?» አልኳት።

«አልሃምዱሊላህ። ወላሂ ወንድሜ፣ እኔ ሥራ ፈት አይደለሁም። ከሱብሂ ሶላት ጀምሬ ሽንፍላና ጨጓራ ሳጥብ ነው የምውል።»

«የት?»

«አንቱ ቁርስ የሚበሉበት ቤት። ከጓሮ ሆኜ አይዎታለሁ እኮ።»

ፊቴ ጋለ። ወረቀቱን መልሼ አወጣሁና ፊርማዎቹን አየሁ። ከሁሉም በላይ፣ በደማቁ የፈረመው የምግብ ቤቱ ባለቤት ነበር። ከማለዳ ጀምሮ ፈርሱን ስታራግፍለት ያረፈደችውን ሴት፣ ከሰዓት በኋላ ሥራ የላትም ብሎ ፈረመባት። ዓይኑን በጨው አጥቦ ማለት ይኼ ነው።

ደሜ ፈልቶ፣ እሱኑ መከላከያ ምስክር አድርጌ ለመጥራት ወሰንኩ። በእኛ አገር ሰው ወረቀት ላይ እንዳሻው ይፈርማል፤ ቁርኣን ይዞ ሲምል ግን መዋሸት ይፈራል። በዚያ ላይ ሰውየው በዚያው ዓመት ለሐጅ እየተሰናዳ መሆኑን ከተማው በሙሉ ያውቅ ነበር። ሐጅ የሚሄድ ሰው እንደሚያደርገው፣ ቤት ለቤት እየዞረ «የበደልኳችሁ ካለ አውፍ በሉኝ» እያለ ይቅርታ ሲለምን ከርሟል። በዚህ ሰሞን በሐሰት አይምልም ብዬ ተማመንኩ።

በቀጠሮው ቀን አዲስ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ መቁጠሪያውን ይዞ መጣ። ችሎቱ የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው። ማለና ቆመ።

«ይህችን ሴት ያውቋታል?»

«አውቃታለሁ።»

«ሽንፍላና ጨጓራ ታጥብልዎታለች?»

«ታጥባለች።»

ልቤ አበጠ። እዚያ ላይ ዝም ብዬ መቀመጥ ነበረብኝ፤ ግን አልጠገብኩም። «እንግዲያው ሠራተኛዎ ናት ማለት ነው?» ብዬ ጨመርኩ።

«ኧረ አይደለችም» አለ ረጋ ብሎ። «አንድ ቀን ደመወዝ ከፍያት አላውቅም። ከደንበኛ የተረፈውን እሰጣታለሁ፤ ለአላህ ብዬ የምመጸውተው ሰደቃ ነው። እሷ ደግሞ ዝም ብዬ ከምበላ ብላ እጇን ታፍታታለች።»

አንዲት ቃል አልዋሸም። ያስጠላኝም እሱ ነው። የሴትዮዋን ድካም ወስዶ የራሱ ጽድቅ አደረገው፣ ያውም በመሐላ፣ ያውም በእኔ ጥያቄ። ዐቃቤ ሕጉ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ሲል አየሁት። የሰውየው ሽቶ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለኝ።

ዳኛዋ ተከሳሿን የምትለው እንዳላት ጠየቀቻት። ሴትየዋ ተነሣችና ወደ ዳኛዋ ሳይሆን ወደ ሰውየው ዞረች።

«ስንት ዓመት አጠብኩልዎት። ሰደቃ ካሉት ሰደቃ ይሁን። ከተማውን ሁሉ አውፍ በሉኝ እያሉ ሲዞሩ እኔ ጓሮዎ ነበርኩ፤ አልጠየቁኝም። አሁን ቢጠይቁኝም አውፍ አልልዎትም። የልፋቴን ነገር አላህ ፊት እንተሳሰባለን።»

የሰውየው ጣት መቁጠሪያው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። የበደለው ሰው አውፍ ካላለው ሐጁ ከንቱ እንዳይሆንበት እንደሚፈራ ሁላችንም እናውቃለን። ላቡን ጠረገና፣ «ክብርት ዳኛ፣ ልፋቷን እከፍላለሁ። ሠራተኛዬ ናት፣ ይጻፍልኝ» አለ።

ዳኛዋም ጻፈች፤ ሴትየዋ የእገሌ ምግብ ቤት ቋሚ ሠራተኛ ናትና ክሱ አይመለከታትም። የዚያኑ ቀን ተፈታች። እኔም ለወራት በየሄድኩበት፣ ጎረቤት ከተማ ጨፋ ሮቢት ለሥራ ስወርድ ሳይቀር፣ ይህን መዝገብ እያነሣሁ ስጎርር ከረምኩ።

ሰውየው ሐጂ ተብሎ ከተመለሰ በኋላ አንድ ማለዳ በጓሮው በኩል ሳልፍ፣ ቦዩ ዳር ቁጢጥ ብላ ሽንፍላ ስትገለብጥ አገኘኋት። ዝንቡ ወርሯታል። ሽታው ከሩቅ ይጣራል።

«ከፈለሽ?» አልኳት።

«ሊሄድ ሲል ሽማግሌ ይዞ መጣ። ቀሚስና ትንሽ ብር ሰጠኝ፣ አውፍ አልኩት። ሲመለስ ያው እንደ ድሮው ትርፍራፊ ሆነ።»

«ታዲያ ለምን ሌላ ቤት አትሄጂም?»

እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ከጉያዋ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች። የፍርዱ ግልባጭ ነው።

«በረንዳው ላይ ሲመጡብኝ ይቺን አሳያቸዋለሁ፣ ይተዉኛል። ሐጂው ግን ‹ከኔ ቤት ከወጣሽ ወረቀቱ አይሠራም፣ ለቃለች ብዬ ራሴ ነኝ የምነግራቸው› አለኝ።»

ሕጉ እንደዚያ አይልም ልላት ነበር። ግን በረንዳ ለበረንዳ ሰው የሚለቅሙት ሕግ አያነቡም፤ የሚያነቡት የምግብ ቤቱን ስም ነው።

«ወንድሜ» አለችኝ ወረቀቱን መልሳ እየጠቀለለች፣ «የሱን ስም ሳያስገቡ መጻፍ አይቻልም ነበር?»

ይቻል ነበር። ዳኛዋ «የጉልበት ሥራ ትሠራለች» ብቻ ብላ ልትዘጋው ነበር። ስሙ ከነምግብ ቤቱ ይግባልኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ የተከራከርኩት እኔ ነኝ።