በፖስታ የመጡ ቅዱሳን

ድምፄ ተቀድቶ አንድ ቦታ መቀመጡን የሰማሁት ሮማ ውስጥ፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ በሚባለው ሰፈር፣ በርበሬና ሽሮ ከሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነው። እሑድ ነበር። ከቅዳሴ ወጥቼ ነጠላዬን እያጣጠፍኩ ቦርሳዬ ውስጥ ስከት ስልኬ ጮኸ። የምጦራቸው ሲኞራ ልጅ ነው።

«ኩባንያው ጋ ደውዬ ነበር» አለኝ፤ ሰላምታ የለ ምን የለ። «እነዚህን የሸክላ ቅዱሳን ማን እንዳዘዘ ጠየቅኳቸው። የስልኩን ቅጂ አሰሙኝ። ድምፁ ያንቺ ነው።»

«ዶቶሬ፣ እኔ አድራሻ ነው የነገርኳቸው። ይምጡ ያሉት እናትዎ ናቸው።»

«ድምፁ ያንቺ ነው አልኩሽ! በእናቴ ስም ዕቃ ታዢያለሽ? እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ቤት ፈልጊ።»

እሱ በጣልያንኛ «አንቺ» ይለኛል፣ እኔ «እርስዎ» እለዋለሁ፤ ከተቀጠርኩ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ስልኩ ተዘጋ። ባለ ሱቁ «እኅቴ፣ ሽሮው ይመዘን ወይስ ይቅር?» ሲለኝ ምን እንደ መለስኩለት አላስታውስም።

ባዳንቴ ነኝ። ሮማ ውስጥ አዛውንት እየጦርን በዚያው ቤት የምናድረውን ሴቶች እንዲህ ይሉናል። የሥራ ኮንትራቴ በዚያ ቤት ነው፤ ነዋሪ ተብዬ የተመዘገብኩት በዚያ በር ነው፤ ፔርሜሶዬም፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የሚታደሰው በእነዚህ በሁለቱ ነው። ልጅየው ካላመነኝ ሁሉም በአንድ ቀን ይሄዳሉ። ጌታ ይመስገን እስከ ዛሬ የሰው ዕቃ በእጄ ገብቶ አያውቅም። ነገር ግን ይህን እኔ ብናገር ምን ዋጋ አለው? ስለ ራሱ የሚናገር ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው።

ነገሩ የተጀመረው ከማኅበራችን ነው። እዚህ ያለን ሴቶች የማርያምን ጽዋ የምንጠጣው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ሃያ አንድ በየትኛውም ቀን ቢውል ሐሙስን እንጠብቃለን፤ በሰው ቤት የምናድር ሁሉ ከእሑድ ሌላ የምንወጣው በዚያ ከሰዓት ብቻ ስለሆነ። እመቤታችን ይቅር ትበለን፣ የጣልያን አሠሪዎች ቀኗን አዛወሩባት። ተራው ሲደርሰኝ ጽዋውን የምቀበልበት ቤት አልነበረኝም። ልጅየው ሲቀጥረኝ «ሰው እንዳታስገቢ» ብሎኛል። ስለዚህ ሄጄ ለቤቱ ባለቤት፣ ለሲኞራ ነገርኳቸው፤ በዚህ ወር ተራዬን ልተው ነው፣ ቦታ የለኝም አልኳቸው።

«ወጥ ቤቱን ውሰጂ» አሉኝ። «ግን እኔም ልቀመጥ።»

ካቶሊክ ናቸው፤ ቢሆንም ሲጸለይ ተነሥተው መቆም አቃታቸው እንጂ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ሦስት እንግዶች ነበሩኝ። አንዷ ታላቃችን ናቸው፤ እኛ እትዬ የምንላቸው፣ ከሁላችን በፊት ሮማ የገቡ። ሁለተኛዋ ሆቴል ክፍል የምታጸዳ፣ አፏ ቀልድ የማያጣው ጓደኛዬ ናት። ሦስተኛዋ በቅርቡ የመጣች፣ ስደተኞች ማቆያ ውስጥ ወረቀቷን የምትጠብቅ ልጅ ናት። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላ ስለሌለ የወይን ጭማቂ በጽዋው ቀድተን እያለን የቤቱ ስልክ ጮኸ።

ሲኞራ ጆሯቸው ስለሚከብድ ስልኩ ድምፁ እስከ መጨረሻ ተከፍቶ ነው የሚቀመጠው። ሁላችንም ሰማን። ለስላሳ አነጋገር ያለው ሰው ነው። ከነጭ ሸክላ የተሠሩ፣ በእጅ የተቀቡ፣ ቁጥር የተጻፈባቸው ቅዱሳን አሉን አለ። የመጀመሪያው ስጦታ ነው፤ ከዚያ በየወሩ አንድ ቅዱስ ወደ ቤትዎ ይመጣል፤ ያልፈለጉትን ይመልሱታል።

«ይምጡ!» አሉ ሲኞራ እየሳቁ። «ወደዚህ ቤት ማን ይመጣል? ቅዱሳን እንኳ ይምጡ እንጂ!»

ከዚያ ስልኩን ሰጡኝ፤ «አድራሻውን ንገሪው፣ እኔ የሚለውን አጥርቼ አልሰማም።» ነገርኩት። በበሩ ደወል ላይ የተጻፈውን ስም ፊደል በፊደል አስቆጠረኝ። «አሎራ፣ ተስማምተናል?» ሲለኝ ወደ ሲኞራ ዞርኩ። ራሳቸውን ነቅንቀው እሺ አሉኝ። «ሲ፣ ቫ ቤኔ» አልኩ፤ አዎ፣ ይሁን ማለቴ ነው። ከኋላዬ ሦስቱም በአንድ ድምፅ «አሜን!» አሉ።

«እኛ በጀልባ፣ ቅዱሳኑ በፖስታ!» አለች ጓደኛዬ። «አይ ሮማ፣ ሰው ታበላልጣለች።»

እትዬ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው «እንግዲህ ሲኞራም ማኅበርተኛ ሆኑ» አሉ። «የሚቀጥለው ወር ተራ የእሳቸው ነው።»

ዛሬ ሳስበው አንዳችንም ይህ ነጋዴ ነው አላልንም። ለእኛ በየወሩ ቅዱስ ቢመጣ ምን ይደንቃል? በአሥራ ሁለት ሚካኤል ይመጣል፣ በሃያ ሦስት ጊዮርጊስ ይመጣል፤ ጽዋው ዞሮ ዞሮ ተራው የደረሰው ይቀበላል። ጽዋ መጥቶብኝ አልቀበልም ያለ ሰው በአገራችንም በዚህም ሰምቼ አላውቅም። ሌላ ሰው ቢሆን፣ ጣልያን ቢሆን፣ ዋጋው ስንት ነው ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኛ አሜን አልን።

የመጀመሪያው መጣ። ሳጥኑን ስከፍተው ቅዱሱ በነጭ ስፖንጅ ውስጥ በፊቱ ተደፍቶ ነው ያገኘሁት። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንጂ የተቀረጸ ምስል አናውቅም፤ ሳነሣው እጄ ትንሽ ፈራ። ቢሆንም የቅዱስ ስም የተጠራበትን ነገር በፊቱ ተደፍቶ እንዴት እተወዋለሁ? አቆምኩት። ሲኞራ ጣታቸውን ስመው ነኩት፣ ደስ አላቸው። ሁለተኛው መጣ፣ እሱንም አወጣሁት። ሦስተኛው ሲመጣ ሂሳብ ይዞ መጣ፤ የሁለተኛውም አብሮ ተጽፎበታል። ሲኞራ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና «ባስታ፣ በቃ» አሉ። «እኔ ቅዱሳን ይምጡ አልኩ እንጂ ከእነ ሂሳባቸው አላልኩም። መልሺልኝ።»

መመለስ ቀላል መስሎኝ ነበር። ሲኞራ ሲተኙ እደውላለሁ፤ ሙዚቃ ይዘፈናል፤ ከዚያ አንዲት ሴት ታነሣለች። ጣልያንኛዋ እንደኔው የመጤ ጣልያንኛ ነው፤ ከየት እንደ መጣች ግን አልጠየቅኳትም።

«ሲኞራ፣ ማኅተሙ ተከፍቷል?»

«ተከፍቷል።»

«ከተከፈተ አይመለስም። ለምን ከፈቱት?»

«ቅዱሱ በፊቱ ተደፍቶ ነበር።»

የኪቦርዱ ድምፅ ቆመ። «ሲኞራ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ይህን የምጽፍበት ቦታ የለኝም። ‘ጉድለት አለበት’ ልበል?»

«ጉድለትስ የለበትም፣ እግዜር ይይልኝ። ደኅና ነው።»

«እንግዲያው ምንም ላደርግልዎ አልችልም» አለችኝ። በተንኮል አይደለም ያለችው፤ ድምፅዋ ያዘነ ይመስል ነበር። ጓደኛዬ ይህን ስነግራት ራሷን ያዘች። «አንገቱ ተሰብሯል አትያትም? አንቺ ሴት፣ ለሸክላ ስትይ እውነት ትናገሪያለሽ?»

አራተኛው ሲመጣ ሳልከፍተው በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ፖስታ ቤት ወሰድኩት። የመላኪያውን ገንዘብ ተቀበሉኝ። ከሰነበተ በኋላ ያው ሳጥን ተመልሶ መጣ፤ ውሉ በስሟ ያለው ሴት ራሷ በፊርማዋ ካልጠየቀች አንቀበልም የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ሲኞራ እንዲፈርሙ ጠየቅኳቸው። «ነገ» አሉኝ፤ እጃቸው በዚያ ቀን ይንቀጠቀጥ ነበር። ንስሐ አባቴንም ጠይቄ ነበር፤ አባታችን ምስሎቹን ምን ላድርጋቸው፣ ልሰግድላቸው አልችል፣ ልጥላቸው አልደፍር አልኳቸው። ሳቅ አሉና «ልጄ፣ ይህ ጣዖትም አይደለም፣ ቅዱስም አይደለም፤ ሸቀጥ ነው። መልሺው» አሉኝ። አባታችን ፖስታ ቤት ሄደው አያውቁም።

ነገ የተባለው ፊርማ አልተፈረመም። ሲኞራ በዚያው ሰሞን ጠዋት ቡናቸውን እንደ ያዙ ፊታቸው በአንድ ወገን ወረደ። አምቡላንስ ጠራሁ፣ አብሬ ሄድኩ፣ ለልጃቸው ደወልኩ። ከሞት ተርፈው ወደ ቤት ተመለሱ፤ ቀኝ እጃቸውና አነጋገራቸው ግን ሄደ። አሁን አንድ ቃል ብቻ ነው የቀራቸው፤ «ሲ» ይላሉ። ውኃ ይፈልጋሉ? ሲ። ይበርድዎታል? ሲ። ይሞቅዎታል? ሲ። እኔ ዓይናቸውን አይቼ የትኛው እውነት እንደ ሆነ እለያለሁ። ልጃቸው ግን ዓይን አያነብም።

የሆስፒታል ወረቀት ሊፈልግ ወደ ቤት የገባ ዕለት ነው ምስሎቹን በብፌው ላይ ተደርድረው ያየው። ያልተከፈለውን ሂሳብ የሚጠይቅ የዕዳ አስከፋይ ደብዳቤም በዚያው ሣምንት በእናቱ ስም መጥቶ ነበር። እዚያው ኩባንያው ጋ ደወለ፣ ቅጂውን ሰማ። ያ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ላይ የደረሰኝ ስልክ ከዚህ በኋላ ነው።

ሽሮውን ሳልይዝ ወደ ቤት ተመለስኩ። በእናቱ አልጋ አጠገብ ቆሞ ጠበቀኝ።

«በአንቺ ፊት ልጠይቃት» አለኝ። «እማዬ፣ እነዚህን ምስሎች አንቺ ነሽ ያዘዝሻቸው?»

«ሲ» አሉ ሲኞራ።

ደስ ብሎኝ ልናገር አፌን ስከፍት እጁን አነሣብኝ። «እማዬ፣ ያዘዘችው እሷ ናት?»

ሲኞራ አዩኝ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። የሚሉትን አውቃለሁ፣ ጠንቅቄ አውቃለሁ። ከአፋቸው የወጣው ግን «ሲ» ነው። ያው ደግሞ «ሲ»፣ «ሲ» እያሉ ግራ እጃቸውን ወደኔ ዘረጉ። ልጅየው እጃቸውን ይዞ ወደ ብርድ ልብሱ መለሰው።

«ምስክር አለኝ» አልኩት። «ስልኩ ሲደወል ሰዎች ነበሩ፣ እናትዎ ሲናገሩ ሰምተዋል።»

«ሰዎች? በዚህ ቤት? የምን ሰዎች?»

የሲኞራን ብርድ ልብስ አስተካከልኩ። አፌ የከፈተውን ጉድጓድ ያየሁት ከተናገርኩ በኋላ ነው። ሰው እንዳታስገቢ ያለኝ ሰው ፊት፣ ሌላ ጥፋት እንዳልሠራሁ የማስረዳው ይህን ጥፋት አምኜ ነው። ቢሆንም ይህን ጥፋቴን ላምን ዝግጁ ነበርኩ። ሦስቱ ቀርበው ቢናገሩ ይቀጣኝ እንጂ ሌባ አይለኝም ብዬ አሰብኩ።

እትዬ ጋ ሄድኩ። የሚሠሩበት ቤት የልጅየው ጓደኞች ቤት ነው፤ ሥራውንም ለእኔ ያገኙልኝ በዚያ በኩል ነው። «ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ እዚያ ቤት እንደ ነበርኩ ከሰማ ለአሠሪዎቼ ይነግራል። ጡረታዬ ሊደርስ ነው። በጸሎት አልረሳሽም።» ምን ልበላቸው? እግራቸውን ስሜ ወጣሁ። ማቆያ ያለችውን ልጅ ቲቡርቲና፣ አውቶቡስ መናኸሪያው ፊት አገኘኋት። ቃለ መጠይቅዋ ገና ነው። «እቴ፣ ስሜ የትም ቦታ እንዳይጻፍ ነው የነገሩኝ፤ ለምስክርነትም ቢሆን» አለችኝ፤ እውነቷን ነው፣ እኔም በሷ ዕድሜ ብሆን እንዲሁ እል ነበር። ሆቴል የምታጸዳዋ ጓደኛዬ በመካከሉ ጀርመን ሄዳለች፤ ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይነሣም። የላክሁላት የድምፅ መልእክት ተሰምቷል፤ ሰማያዊ ምልክቱ ይታየኛል። መልስ የለም። ያ ሁሉ ቀልድ የት ሄደ?

ነጻ ምክር የምትሰጥ ሕግ ዐዋቂም ዘንድ ሄጃለሁ። ወጣት ሴት ናት፤ በትሕትና አዳመጠችኝ። ኩባንያውን መክሰስ የሚችሉት ባለ ውሏ ወይም ልጃቸው ናቸው፤ አንቺ ለሕጉ ስልክ ያነሣች ሠራተኛ ነሽ አለችኝ። ያለ ምስክር ልጅየውን ማሳመን ግን የሕግ ነገር አይደለም አለች።

ወሩ እያለቀ ነው። ዕቃዬን አልጠቀለልኩም፤ ብዙም የሚጠቀለል የለኝም። ሲኞራን ጠዋት አጥባለሁ፣ ሾርባቸውን በማንኪያ አጎርሳለሁ፤ ከእኔ በኋላ የምትመጣዋ ሴት ሲ ማለታቸው የትኛው እሺ፣ የትኛው እምቢ እንደ ሆነ እስክትለይ ስንት ቀን እንደሚርባቸው አስባለሁ። ይህን ከማሰብ የባሰ የለም። ጸሎቴን አላቋረጥኩም፤ ነገር ግን እውነቱን ለመናገር እግዜር ይሰማኛል ብዬ ከመጠበቅ ይልቅ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

እናንተ በዚያ ሐሙስ በዚያ ወጥ ቤት የነበራችሁ፣ ይህን ካነበባችሁ ልለምናችሁ። አንድ ጊዜ ብቻ አብራችሁኝ ኑ። ጣልያንኛ አልችልም አትበሉ፤ በምትችሉት ተናገሩ። አሮጊቷ በገዛ አፋቸው ይምጡ እንዳሉ የሰማችሁትን ብቻ በሉለት፣ ሌላ አትጨምሩ። መምጣት ካልቻላችሁ በድምፅ ላኩልኝ፣ ስማችሁን አትጥሩ። ይህም ካቃታችሁ አልቀየማችሁም፤ ሁላችሁም የምትፈሩት እውነተኛ ነገር ነው። ግን ልጅየው አንድ ቀን አግኝቶ ቢጠይቃችሁ፣ እባካችሁ፣ አልነበርንም አትበሉት።