ኮርማ ፈለገች የተባለችው ላም

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ በረዶ የያዘ ባልዲ ነበር። የምርምር ክፍላችን ኃላፊ ዶክተር ታደሰ፣ ሐይቅ ከተማ ቄራ ሂጂና የታረደች በግ ማህፀን አምጪ አሉኝ። ሌላ ማብራሪያ አልሰጡኝም።

ይዤ ስመለስ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፤ በመቀስም ሰነጠቁት። ውስጡ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህሉ እብጠቶች ተደርድረዋል። ጽንስ የሚጣበቀው በእነዚህ ላይ ነው። ከመጣበቁ በፊት ግን ማህፀኑ ከእጢዎቹ በሚያመነጨው ፈሳሽ ይመግበዋል፤ ጽንሱም በበኩሉ መኖሩን ያሳውቃል። ካላሳወቀ ማህፀኑ ባዶ እንደሆነ ቆጥሮ ለሌላ ጽንስ ይዘጋጃል። ሁሉም በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚያልቅ ነገር ነው። እኛ የምናጠናው እነዚያን ቀናት ነበር።

ያኔ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ነበር። ከባለቤቴ በቀር ያወቀ የለም። አማትቤ ጓንቴን አጠለቅኩ።

ረዳት ቴክኒሻን ሳለሁ ሥራዬ ማህፀኑን መመዘን፣ ቀንድ የሚባሉትን ሁለት ቅርንጫፎቹን በጨው ውሃ አጥቦ ያጠብኩበትን በማይክሮስኮፕ ማየት፣ ከዚያም ቁራጭ ሥጋ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ መክተት ነበር። በኋላ በፓራፊን ሰም አጠንክሮ በስሱ መቁረጥና ቀለም ማስያዝ ተማርኩ። እጄ እስኪለምድ ብዙ ቁራጭ አበላሽቻለሁ። ዶክተር ታደሰ አልተቆጡኝም፤ "ድገሚው" ብቻ ይሉኝ ነበር።

ዐቢይ ጾም ሲገባ በክርስቲያኑ በኩል እርድ ይቆማል። ናሙናችን በሙሉ ከሙስሊሙ ወገን ይሆናል። የዚያ ወገን አራጅ አባ ይማም ይቀልዱብኛል።

"አስካለ፣ ሰው ሲጾም ከሥጋ ይርቃል። አንቺ ስትጾሚ ነው ቄራ የምትውይው።"

"የማልበላውን ነው የምወስደው፣ አባ ይማም።"

"እሱንማ እኛም አንበላው።"

አንድ ዓመት አረፋ ሲቃረብ እኚሁ አባ ይማም ደወሉልኝ። ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል አንዲት ወጣት ላም ለእርድ ልትመጣ ነው፤ ጤነኛ ናት፤ ግን አትይዝም። ዶክተር ታደሰ ሲሰሙ ደስ አላቸው። እያዳቀሏት የማትይዝ፣ ሆኖም ምንም በሽታ የሌለባት ላም ማህፀን ስንፈልግ ቆይተናል። ከመታረዷ በፊት ባለቤቷን አነጋግሪ፣ መቼ እንደተዳቀለችና መቼ ዳግም ኮርማ እንደፈለገች ጠይቂ ብለው ላኩኝ።

በባጃጅ ሄጄ የቀረውን በእግሬ ወረድኩ። የላሟ ባለቤት ሐሊማ ትባላለች። ጅዳ ስትሠራ ከርማ የተመለሰች ወጣት ናት። ላሟን የገዛችው በዚያ ድካሟ ነው፤ ዳግም ላለመሄድ ያላት ተስፋም እሷው ነበረች። ወንድሟ ሰይድ ግን ሊሸጣት ከነጋዴ ጋር ተስማምቶ ጨርሷል።

ሐሊማ ሁሉንም ነገረችኝ። ላም ካልያዘች በሦስት ሳምንት ገደማ ኮርማ ወደ መፈለግ ትመለሳለች። የሐሊማ ላም ግን የታወቀ ጊዜ የላትም፤ አንዴ በሳምንቱ፣ አንዴ ከወር በላይ ቆይታ ኮርማ ፈለገች ተብሏል። በተባለ ቁጥር ሐሊማ ዘር በቱቦ የሚያስገባውን አዳቃይ ጠርታለች።

"ማን አየ?" አልኳት።

በመንደሩ ከብት የሚጠበቀው በተራ ነው። ተራው የደረሰው ጎረቤት የሁሉንም ከብት ሐይቁ ዳር ያውላል፤ ማታ ያየውን ለየባለቤቱ ይነግራል። ሐሊማ በዓይኗ አይታ አታውቅም። ጎረቤቷን ጦይባን ጠራቻት።

"እኔ ነኝ ያየሁት" አለች ጦይባ። "ሌሎቹ ላይ ስትወጣ ነው የዋለችው።"

"ሌሎቹስ ሲወጡባት ቆማላቸዋለች?"

ጦይባ አሰበች። "እሱን እንጃ፣ እትዬ። መውጣቷን ነው ያየሁት።"

የያዘች ላምም አንዳንዴ ሌላ ላይ ትወጣለች። ኮርማ የፈለገችው ሲወጡባት ዝም ብላ የምትቆመዋ ናት። ይዛ ከነበረ፣ አዳቃዩ ቱቦውን ባስገባ ቁጥር የተዘጋው ማህፀን ይከፈታል፤ ጽንሱም ይጠፋል። ይህን ለሐሊማ ስነግራት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ሰይድ ግን ጠየቀኝ፦ "አሁን ይዛለች ነው የምትይው?"

"ይዛለች አልልም። አላውቅም።"

"ሳታውቂ አረፋን ታሳልፊብናለሽ? ከአረፋ በኋላ ማን ይገዛታል?"

ሐሊማ ወደ ላሟ አየችና "ትቆይ" አለች።

ለዶክተር ታደሰ ስነግራቸው፣ "ናሙና አምጪ ብዬ ላክሁሽ፤ አንቺ ናሙናዬን አስቀረሽው" አሉ። አረፋ ካለፈ በኋላ ግን አልትራሳውንዱን ይዘው ራሳቸው መጡ።

ባዶ ነበረች።

ሰይድ አልጮኸም። "ከዚህ በኋላ ላሟም ጣጣዋም ያንቺ ነው" ብሎ እህቱን ትቷት ወጣ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ። የዚያን ሰሞን እመቤቴን ለምኜ የማላውቀውን ያህል ለመንኳት።

ሐሊማ ላሟን ከተራው አወጣቻት። ጎረቤት ተቀየማት፤ ከብታችንን ናቀች፣ ላሟን ሙሽራ አደረገቻት ተባለች። እሷ ላሟን እየጠበቀች ሐይቁ ዳር ዋለች። አንድ ማለዳ ላሟ ሲወጡባት ቀጥ ብላ ስትቆም አየች። አዳቃዩን ጠራች። አንድ ጊዜ።

ከወር በኋላ ስልኬ ጠራ፤ ሐሊማ ናት።

"እትዬ አስካለ፣ ወጣች። አሁን፣ ዓይኔ እያየ።"

"እሷ ናት የወጣችው ወይስ ወጡባት?"

"እሷ ናት።"

"ሲወጡባትስ?"

"ትሸሻለች።"

"እንግዲያው ተያት።"

"ብሳሳትስ?"

"ብትሳሳቺ ሦስት ሳምንት ነው የሚያልፍሽ። ብትጠሪው ግን ያለውንም ታጫለሽ።"

"ወላሂ ልቤ ሊወጣ ነው" ብላ ዘጋችው። አዳቃዩን አልጠራችም።

ዶክተር ታደሰ በድጋሚ ሲያዩዋት የጽንሱ ልብ ስክሪኑ ላይ ይመታ ነበር። ሐሊማ "አልሐምዱሊላህ" አለች፤ እኔ "ተመስገን" አልኩ። ጦይባ ከአጥሩ ወዲያ ሆና ላሟ ከእሷ የጥበቃ ተራ ጀምሮ ወደ መንጋው ትመለስ እንደሆነ ጠየቀች። ትመለሳለች ተባለች። ላሟ በጊዜዋ ጥጃ ወለደች። ሰይድ ሊያይ መጣ፤ ስለ አረፋው ማንም አላነሳበትም።

ጥናታችን በአንድ ናሙና ጎድሎ ተጠናቀቀ። ዶክተር ታደሰም ጎደለ ብለው ጻፉት።

ዛሬ አዲስ ቴክኒሻኖችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ለዚህ ያደረሰኝ አምላክ ይመስገን። ስለ ማህፀን የማስተምራቸው ብዙ አለ፤ ወደ መንደር ስልካቸው ግን የምነግራቸው ይህን ነው፦ ላሟ አትይዝም ከማለታችሁ በፊት ማን እንዳያትና ምን እንዳየ ጠይቁ። ካላወቃችሁ አላውቅም በሉ። መያዟን ከጠረጠራችሁም አትንኳት።