«አሜን» ብላ የቆመችው ሴት

ሰብለ ወንጌል በባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ነጠላና ጋቢ እየሸጠች የምትኖር መበለት ናት። ልደት በደረሰ ቁጥር ለነዳያን ልብስ ታድላለች፤ ሰፈሩም ለጋስ ይላታል። ሰፈሩ ተሳስቷል። በፍቅር የተሰጠና በፍርሃት የተሰጠ ልብስ ለባሹን እኩል ያሞቀዋል፤ ለሰጪው ግን እኩል አይቆጠርለትም።

ፍርሃቷ የጀመረው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በልደት ዋዜማ ነው። ቀኑ ሊመሽ ሲል፣ ለቤተ ክርስቲያን ለብሳ የአጥሯን በር ስትዘጋ፣ ከውጭ የሴት ድምፅ ሰማች።

«ስለ ልደቱ እመቤቴ፣ ለብርዱ የምደርበው ጨርቅ ቢኖርሽ።»

ቤት ውስጥ ለገበያ የተዘጋጀ ጋቢ ተደራርቦ ነበር። ተመልሶ ማምጣት ግን ያዘገያል። ሰብለ ወንጌል ዓይኗን ከመቀርቀሪያው ሳታነሣ፣ ሁላችንም የምንለውን አለች፦

«እግዜር ይስጥሽ።»

«አሜን» አለች ሴትዮዋ።

ሰብለ ወንጌል በሩን ቀርቅራ በጓሮ በኩል ወደ ቤተ ክርስቲያን አቋርጣ ሄደች።

ይህ ቃል በአገራችን ሁለት ሥራ አለው። የተቀበለ ያመሰግንበታል፤ የነፈገ ያሰናብትበታል። የፈጣሪን ስም የእምቢታ መሸፈኛ ማድረግ ክፉ ነገር ነው፤ ልማድ ስለ ሆነ ግን ማንም አይደነግጥበትም። ልመናን የለመደ ሰው ቃሉን እንደ ሰማ መንገዱን ይቀጥላል። ያች ሴት ግን ልመናን አልለመደችም ነበር።

ሰብለ ወንጌል ማደሪያ አጥቶ በበረት ስለ ተወለደው ጌታ ሲዘመር፣ እልል ስትል አደረች። ጎሕ ሲቀድ ስትመለስ፣ ከፊት ለፊቷ የምትኖረው ነጋዴ ኡሙሰልማ ሱቋን ስትከፍት አገኘቻት።

«እንኳን አደረሰሽ ሰብልዬ! እንግዳሽን አገኘሻት?»

«የምን እንግዳ?»

«ከደቅ ደሴት የመጣችዋ ናታ! የመመለሻው ጀልባ አምልጧት ነው አሉ። ከበርሽ ሥር ኩርምት ብላ አየኋት። ሰብልዬ እኮ ቤተ ክርስቲያን ነው የምታድረው፣ ነይ ከልጆቼ ጋር እደሪ ብላት፣ ወላሂ፣ ንቅንቅ አልል አለች።»

«ምነው?»

«‹ይስጥሽ ብላኛለች፤ መጥታ ብታጣኝ ታፍራለች› አለችኛ! ከሰው ደጅ ወድቃ የምታስበው ላንቺ ነው። ፎጣ ደረብሁላት። ሳሉ ግን ሲያንገላታት ነው ያመሸ።»

«አሁንስ የት አለች?»

«እንጃ። ቅድም ብቅ ብል፣ ፎጣውን አጥፋ ከደጄ ትታልኛለች።»

ሰብለ ወንጌል ወደ ሐይቁ ሮጠች። ወደ ደቅ የሚሄዱትን ጀልበኞች ሁሉ ጠየቀች። «ምን የምትመስል ሴት ናት?» አሏት። እሷ ግን ፊቷን አላየችውም።

ከዚያ ወዲህ የየሴቱን ፊት ትመረምራለች፤ የማታውቀው ፊት ሁሉ የዚያች ሴት ሊሆን ይችላልና። በየዓመቱ ነጠላ ታድላለች፤ ከጋቢዎቿ ሁሉ የላቀውን ግን በሣጥን ቆልፋ አስቀመጠችው። «የሷ ነው» ትላለች። ስንት ሰው ከደጇ እየተንቀጠቀጠ አልፏል፤ ጋቢው አልተነካም። ጸጸቷም እንደ ቸልታዋ ሁሉ ሰው ማየት ከልክሏት ነበር።

የንስሐ አባቷ መምሬ ጥዑመ ልሳን አንድ ቀን መከሯት።

«ንስሐሽን ፈጽመሻል ልጄ። እግዚአብሔር ይቅር ብሎሻል።»

«እግዚአብሔርስ ይቅር ብሎኝ ይሆናል አባቴ። እሷ ግን እስካሁን ከደጄ ቁማለች። ስትስል እሰማታለሁ።»

«እንግዲያ ጋቢዋን ስጫታ!»

«የት አግኝቻት?»

«ከደጄ ቁማለች አላልሽም?»

ባለፈው የልደት ዋዜማ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ በሯ ተንኳኳ። ከፍታ አየች። ሽማግሌ ናቸው፤ ትከሻቸው ላይ ያለው ሸማ ተበልቶ አልቋል።

«ስለ ልደቱ እናቴ።»

ነጠላው ሁሉ ታድሎ፣ ለገበያ የተዘጋጀውም ጋቢ ተሸጦ አልቋል። ቃሉ ከምላሷ ጫፍ ደረሰ፤ «እግዜር…» ብላ አቆመች። የቀረው የሣጥኑ ጋቢ ነው። ያን ከሰጠች፣ ያች ሴት ብትመጣ የምታለብሳት የላትም፤ መጠበቋም በዚሁ ሊያከትም ነው። ሣጥኑን ከፈተች፤ ጋቢውን አምጥታ በሽማግሌው ትከሻ ላይ ደረበችው።

«እግዜር ይስጥሽ» አሏት ሽማግሌው።

«አሜን» አለች።

እሳቸው ሄዱ። ደወል ተደወለ፤ ነፋሱ ከሐይቁ በኩል በረታ። ሰብለ ወንጌል ከተከፈተው በር ሥር እንደ ቆመች ቀረች።

«ኧረ ሰብልዬ፣ ብርዱ ሊገድልሽ ነው!» አለች ኡሙሰልማ ከማዶ። «ማንን ትጠብቂያለሽ?»

ሰብለ ወንጌል ዘወር አላለችም።

«ይስጥሽ ብለውኛል» አለች።