አቶ ስንታየሁ

ልጅ ሳለሁ፣ ክረምት በገባ ቁጥር የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ስንታየሁ፣ አማኑኤል ከተማ ወዳለው ቤታችን ትመጣ ነበር። ያኔ እርጥቡ የባሕር ዛፍ እንጨት ቤቱን በጭስ ሞልቶ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ፍሙ ውስጥ ድንች ቀብረን፣ ፋኖሱን ከበን ተረት እንለምናታለን። እሷ ግን የጅብና የአህያ ተረት አይሆንላትም፤ የምታወራልን የራሷን ታሪክ ነው። እኛም እሱኑ ደጋግመን እናስነግራታለን።

እትዬ በቁይ አካባቢ ላለ የገጠር ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ሆና ስትሾም፣ በዚያ አገር ይህን ሥራ የያዘች ሴት አልነበረችም። ስንታየሁ ደግሞ የወንድም የሴትም ስም ነው። የሹመቱን ደብዳቤ ለትምህርት ቤቱ የጻፈው ሰው ሳይጠይቅ «አቶ» ብሎ ላከው። የአገሩ ሽማግሌዎችም ለአቶ ስንታየሁ በቅሎ ጭነው ቁይ መናኸሪያ ሲጠብቁ ዋሉ።

እትዬ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወረደች። አውቶቡሱ ባዶውን ሲቀር አንዱ ሽማግሌ ጠጋ ብለው፣ «እሜቴ፣ ርእሰ መምህሩ ከመኪናው አልወረዱም?» አሏት።

«ወርጃለሁ» አለች።

እዚህ ላይ እኛ በሳቅ እንፈርሳለን። እሷ ግን ያኔ አልሳቀችም። «ወንድ ይላክልን ብለው ቢጽፉ ኖሮ ሹመቴ እዚያው መናኸሪያ ላይ ማብቃቱ ነበር» ትለናለች። ሽማግሌው ደብዳቤውን አገላብጠው አዩና፣ «ኧረ ጉድ! ጢም የሌለውን አለቃ የትኛው ተማሪ ይፈራል?» አሉ።

ዲማ ገዳም የተማሩ አንድ መሪጌታ ከሽማግሌዎቹ ጋር ነበሩ። «ርእስ በግእዝ ራስ ማለት ነው» አሉ። «ራስ ላይ ደግሞ ጢም አይበቅልም። በሉ በቅሎዋን አቅርቡላት!»

እኚያን መሪጌታ አይቻቸው አላውቅም፤ ግን እስከ ዛሬ እወዳቸዋለሁ። እትዬ ጡረታ እስክትወጣ እዚያው ቆየች። በጢም ነገር የተከራከሩት ሽማግሌም ውለው አድረው የልጅ ልጃቸውን እጇን ይዘው አምጥተው አስመዘገቡ።

አንድ ምሽት፣ «መሪጌታው ባይኖሩስ ኖሮ?» አልኳት።

ትኩሱን ድንች እየላጠች፣ «በእግሬ እሄድ ነበራ! መንገዱን እኮ ገና አውቶቡሱ ውስጥ ጠይቄ ጨርሼ ነበር» አለችኝ።

ያኔ ሰምቼ አለፍኩት። ዛሬ እኔም አስተማሪ ሆኜ ሳስበው፣ ከመሪጌታው ብልሃት ይበልጥ ልቤን ደስ የሚያሰኘው ይኸው ነው። እትዬ በቅሎ እንደሚጠብቃት አታውቅም ነበር።