የድንች ሹሙ ሣህሌ

ሣህሌ በእንጦጦ ከተማ የአንድ መኮንን ዕቃ ቤት ዘበኛ ነበር። ማዕረግ አልነበረውም፤ ኩራቱ ግን ለሦስት ባላምባራስ ይበቃል። ከቤቱ ሲወጣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ነው፤ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ጮማ እንደ በላ ያወራል። የበላው ግን ድንች ነው። ትናንትም ድንች ነበር።

ድንቹን ወደዚያ ቤት ያስገባችው ሚስቱ በለጡ ናት። ከየካ ተራራ ግርጌ የሚያርስ ዱቤ የሚባል ገበሬ ጥቂት ዘር ሰጥቷት ጓሮዋ ተከለችው። ውርጭ የጎረቤቱን ገብስ ባቃጠለበት ዓመት የእሷ ድንች አፈር ውስጥ ተደብቆ ወፈረ። ከነልጣጩ ትቀቅልና በትኩሱ ልጣ፣ በጾም በአዋዜ፣ በፍስክ በቅቤ ታቀርበዋለች። ሁለቱ ሴት ልጆቿ ለመጨረሻዋ ፍሬ ይቧጨራሉ። የሁሉም አውራ ግን ሣህሌ ነው፤ የድስቱን ቂጥ ሳይቀር በጣቱ ይጠርጋል። ደጅ ሲወጣ ግን ድንች የአሳማ ቀለብ ነው ይላል፤ አሳማ በዓይኑ አይቶ ባያውቅም።

አንድ ዓመት ፋሲካ ካለፈ በኋላ ሹመት አማረው። የዕቃ ቤቱን አለቃ አዛዥ ፀሐዬን ለምሳ ጠራ፤ ያለችውንም አንዲት በግ አረደ። በለጡን፣ ድንች የሚባል ነገር ብቅ እንዳይል ብሎ አስጠነቀቃት። እሷ ግን ለልጆቿ ጓዳ ውስጥ ጥዳ ኖሮ፣ የቅቤው ሽታ መጋረጃውን አልፎ መጣ። አዛዡ አርጅታ የታረደችውን በግ ሲያላምጡ ቆዩና ምን እንደሚሸት ጠየቁ።

«የውሾች ምግብ ነው፣ ጌታዬ» አለ ሣህሌ።

«እስቲ የውሾቹን አምጡልኝ።»

አዛዡ ድስቱን ሙልጭ አደረጉት። ልጆቹ በመጋረጃው ቀዳዳ እያንዳንዷን ጉርሻ በዓይናቸው ሸኟት። አዛዡም እንዲህ ያለውን ለውሻ የሚሰጥ ቤት በጌታቸው ግቢ እንኳ እንዳላዩ ተናገሩ። ሣህሌ ሰዓቱ ደረሰ ብሎ ተነሥቶ እጅ ነሣ፤ የባላምባራስነቱን ነገር አነሣ። አዛዡ ሹመቱን አልነፈጉትም።

«ከዛሬ ጀምሮ የድንች ሹም ነህ። በየሳምንቱ አንድ አቁማዳ ታስገባለህ፤ ትልልቁን እየመረጥክ።»

ወሬው ሳይውል ሳያድር ኪዳነ ምሕረት ደጀ ሰላም ደረሰ። ባልደረቦቹ ሣህሌን ሲያዩ ተሰልፈው ለጥ ብለው እጅ ይነሡት ጀመር። እሱም ታመምኩ ብሎ ተኛ። ኋላ ግን ሹመት ሹመት ነው አለና ተነሣ፤ ነጭ ኩታውን ደርቦ በድንቹ መደብ መካከል ይንጎራደድ ያዘ። የሚቆፍሩት በለጡና ልጆቹ ናቸው። ድንች የሚያንቋሽሽ ሰው ካጋጠመው ወግ አያውቅም ብሎ ይሰድበዋል።

ትልልቁ ድንች ሁሉ ወደ አዛዡ ቤት ሄደ። ለነሱ የሚተርፈው የፍየል በጠጥ የሚያክለው ነው። አንድ ማታ በለጡ ያንን አቀረበችለትና፣

«በናቅኸው ጊዜ ጠግበን በላን፤ ባከበርኸው ጊዜ ጦማችንን አደርን» አለችው።

ሣህሌ ሹም ከሚስቱ ጋር አይከራከርም ብሎ የድስቱን ቂጥ በጣቱ ጠረገ።

በለጡ ግን ዱቤን ለምና ከማሳው ጥግ ላይ ሌላ መደብ አወጣች። በየቅዳሜው ለቅሶ እንደርሳለን ብላ ልጆቿን ይዛ ወደ የካ ትወርዳለች። የዱቤ ሚስት ጂቱ ድንቹን ረመጥ ውስጥ ቀብራ ታበስልላቸዋለች፤ አመዱን እፍ እያሉ፣ ጨው ነስነስ እያደረጉ፣ እጃቸው እስኪጠቁር ይበላሉ። ሣህሌም ያ ሰፈር ሰው አለቀበት እያለ፣ ኩታውን እንደ ደረበ ባዶ መደቡን ሲጠብቅ ይውላል።